ጥላው የየትኛው መምህር ነው?

የትምህርት ዓይነቶችን አቀናጅቶ ስለ ማስተማር ለመምህራንና ለወላጆች ከቀረበ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ወላጆች፤

ወደ ነገሬ በጥያቄ ልግባ። በአዲስ አበባ ፀሐይ ከዕለቱ ሁሉ ከፍ ብላ የምትታየው፣ በዚያውም የአንድ የቆመ እንጨት ጥላ ከዕለቱ ሁሉ የሚያጥረው በስንት ሰዓት ነው? ብዙዎቻችሁ «ስድስት ሰዓት» አላችሁ። እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ነው ያደግነው። ነገር ግን የአንድ ሜትር እንጨት ተክላችሁ ብትለኩ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ገና በማጠር ላይ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ከሆነ ከሁሉ የሚያጥረው ከስድስት ሰዓት ከሃያ በኋላ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስድስት ከአሥር ገደማ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ስድስት ከአርባ ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛ ጥያቄ። ያ አጭር ጥላ የሚወድቀው በየት በኩል ነው? መጽሐፍ ያጠና ተማሪ «ወደ ሰሜን» ይላል። ለአውሮፓ ልጅ መልሱ ዓመቱን ሙሉ ልክ ነው። ለእኛ ልጅ ግን ለከፊሉ ዓመት ብቻ ነው የሚሠራው። ታኅሣሥ 12 ግድም የአንድ ሜትር እንጨት የቀትር ጥላ በአዲስ አበባ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከዚያ ዕለት ዕለት እያጠረ ይሄድና ሚያዝያ 5 አካባቢ እንጨቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። በማግሥቱ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በደቡብ በኩል ብቅ ማለት ይጀምራል። ግንቦት መጨረሻ ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ወደ ሰሜን የሚመለሰው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በየትምህርት ቤታችን ግቢ፣ በባንዲራው ምሰሶ ሥር ነው፤ በየቀኑ እየረገጥነው እናልፋለን።

የዛሬው ጉዳዬ ይህ ጥላ የየትኛው መምህር ነው የሚለው ነው። የፊዚክስ መምህሩ ብርሃን ቀጥ ባለ መስመር እንደሚጓዝ ያስተምራል፤ ጥላው ለምን ስድስት ሰዓት ላይ እንደማያጥር ግን የእርሱ ምዕራፍ ውስጥ የለም። የጂኦግራፊ መምህሯ ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ታስተምራለች፤ ከጥላው ርዝመት ተነስቶ የፀሐይዋን ከፍታ በዲግሪ ማውጣት ግን የሒሳብ ሥራ ነው። የሒሳብ መምህሩ ታንጀንትን ያስተምራል፤ የሚያሰላው ግን ማንም ወጥቶበት የማያውቀውን፣ ከመሬት ጋር 30 ዲግሪ የሚሠራውን መሰላል ነው። ሰዓት የሰው ስምምነት መሆኑን፣ ማን መቼ እንደተስማማበት የሚነግረው ደግሞ የታሪክ መምህሩ ነው። አራቱም በአንድ ማረፊያ ክፍል ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ደመወዝ ያወራሉ፤ ስለ ጥላው ግን አያወሩም።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በየአርባ ደቂቃው ገደማ ደወል ይደወልለታል። በደወሉ አንድ መምህር ወጥቶ ሌላ ይገባል፤ ጥቁር ሰሌዳው ይጠፋል። ሰሌዳው ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መቶኛን እንደ ውኃ ሲያፈስስ የነበረ ልጅ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የአንድን ወረዳ የሕዝብ ዕድገት በመቶኛ አስላ ሲባል «ይህ እኮ ሒሳብ ነው» ብሎ መምህሩን ይሞግታል። ክርክሩ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርነው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ዕውቀት የራሱ ደብተር፣ የራሱ ሽፋን፣ የራሱ ሰው አለው ብለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የትምህርት ዓይነቶች ይጥፉ የምል ሰው አይደለሁም። ሒሳብ ቅደም ተከተል አለው፤ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አልጀብራ ላይ ይወድቃል፤ በጨዋታና በፕሮጀክት መካከል እግረ መንገዱን የሚለቀም ትምህርት አይደለም። ፊዚክስም የራሱ አስተሳሰብ፣ ታሪክም የራሱ የማስረጃ ሕግ አለው። የማቀናጀት ትርጉሙ እነዚህን አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ ማማሰል ከመሰለን፣ የምናገኘው ከሁሉም የቀለለውን ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንዱ የትምህርት ዓይነት ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ መኖር አለበት፤ ያንን ጥያቄ ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ መምህራን መኖር አለባቸው። ሁለቱ ከሌሉ ቅንጅት የለም፤ መጽሐፉ ላይ ምንም ቢጻፍ።

የውሸት ቅንጅት ምን እንደሚመስል ሁላችሁም አይታችኋል። «የቡና ሳምንት» ይባልና በሥዕል ክፍለ ጊዜ ጀበና ይሣላል፣ በሒሳብ «ሦስት ሲኒ ሲደመር አራት ሲኒ» ይሠራል፣ በአማርኛ ስለ ቡና ግጥም ይጻፋል፣ በሙዚቃ ይዘፈናል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግድግዳው ያማረ ነው። ልጁ ግን በሳምንቱ መጨረሻ ስለ ቡና ሰኞ ጠዋት ከሚያውቀው የጨመረው ነገር የለም። ቡናው እዚያ የገባው ጌጥ ሆኖ ነው፤ ሲኒውን አውጥታችሁ ብርቱካን ብትተኩበት ሒሳቡ ቅንጣት አይለወጥም።

በዚሁ ቡና ላይ እውነተኛ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ገበሬው ለአንድ ኪሎ ቀይ እሸት ቡና በሚያገኘው ዋጋና በከተማ አንድ ስኒ ቡና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ገንዘብ የት ገባ? አሁን ሒሳቡ የግድ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት አምስት፣ ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ለምን ይቀንሳል ያለ ልጅ ወደ ሳይንስ መምህሩ ይሄዳል፤ ውኃው ተነነ፣ ጋዝ ወጣ ይባላል። ከጫካ እስከ ጨረታ ያለውን መንገድ የሚያሳየው ጂኦግራፊ ነው፤ ገበያውን የሚያስረዳው ኢኮኖሚክስ ነው። እዚህ ቡናውን አውጥታችሁ ብርቱካን ልትተኩ አትችሉም።

አገራችን ቅንጅትን ሳትሞክር አልቀረችም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በታችኞቹ ክፍሎች የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት መጣ፤ የተፈጥሮ ሳይንሱንና የማኅበራዊውን ጉዳይ ባንድ መጽሐፍ የያዘ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የተቀናጀ ሳይንስ ነበረ። በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለያይተው መሰጠታቸው ቀርቶ አጠቃላይ ሳይንስ ሆነዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔ እደግፈዋለሁ። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ግን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። መጽሐፉ አንድ ሆነ፤ መምህሩ ግን የፊዚክስ ምሩቅ ነው። ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ያለው ምዕራፍ ላይ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ስለ ሕዋስ ያለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «አንብባችሁ ኑ» ይላል። የባዮሎጂ ምሩቋ ደግሞ ግልባጩን ታደርጋለች። አጠቃላይ ሳይንስ ተብሎ በአንዱ ክፍል ፊዚክስ፣ በሌላው ክፍል ባዮሎጂ ይሰጣል። ሦስት መጻሕፍትን በአንድ ሽፋን መጠረዝ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ የትምህርት ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

መምህሩን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው ሁሉን ማወቅ አይችልም። ይህንን ከእኛ በፊት የተረዳ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ፈላስፋው ጆን ዴዊ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ። እዚያ ልጆች ታሪክን የሚማሩት የሰው ልጅ እንዴት ይለብስ፣ ይበላ፣ ይጠለል እንደነበር እየሠሩ ነው። በአንድ ወቅት ጥጥና የበግ ጠጉር ተሰጥቷቸው ሲያወዳድሩ፣ ጥንት ሰዎች ከጥጥ ይልቅ ለምን የበግ ጠጉር ይለብሱ ነበር የሚል ጥያቄ ተነሣ። ልጆቹ ተቀምጠው ጥጡን ከፍሬው በእጃቸው መለየት ጀመሩ። ሠላሳ ደቂቃ ሠርተው ያገኙት ከአንድ አውንስ፣ በእኛ ልኬት ከ28 ግራም ያነሰ ነው። መልሱን ማንም አልነገራቸውም፤ ጣታቸው ነገራቸው። የጥጥ መዳመጫ መኪና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1793 ሲሠራ ምን እንደለወጠ ከዚያ በኋላ ሲማሩ፣ ቁጥሩ ባዶ ቁጥር አይደለም። ቤቱ ውስጥ አያቱ ጥጥ ስትዳምጥ፣ ባዘቶ ስታወጣ፣ በእንዝርት ስትፈትል ያየ የእኛ ልጅ ይህን ትምህርት ከቺካጎ ልጅ በተሻለ ይረዳው ነበር። ግን ማን ጠየቀው? የአያቱን እንዝርት ወደ ክፍል ይዞ ቢመጣ የባህል ቀን እስኪደርስ አስቀምጠው ነው የምንለው።

ስለ ዴዊ ትምህርት ቤት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ግን ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ተሞክሮ ነበር። አልሠራም። ሳይንሱን የሚያውቅ ሳይንሱን፣ ታሪኩን የሚያውቅ ታሪኩን እንዲይዝ ወደ ማድረግ ተመለሱ። መምህራኑ ግን በየሳምንቱ ይሰበሰቡና ልጆቹ ምን ላይ እንደደረሱ፣ የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ ይነጋገሩ ነበር። የቅንጅት አባት የሚባለው ትምህርት ቤት መምህራኑን በሙያ ለያይቶ ነው በስብሰባ ያገናኛቸው። እኛ ደግሞ መጽሐፉን አዋሕደን መምህራኑን ለያየን። ስብሰባ አጥተን አይደለም መቼም!

ወደ ጥላው ልመለስ፤ ምክንያቱም እንዴት እንደሚሠራ ሳላሳያችሁ ብሄድ እኔም የግድግዳ ጌጥ ሠርቼ መሄዴ ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። ተማሪዎች የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ይተክላሉ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ያረጋግጣሉ፤ ቱንቢ ባይኖር ክር ላይ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። ከአምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ ሰዓቱንና ርዝመቱን ይመዘግባሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ያቆማሉ። ጠጠሮቹን ሲያዩ ጥላው ወደ አንድ በኩል እየዞረ መጀመሪያ እንዳጠረ፣ ኋላ እንደረዘመ በዓይናቸው ያዩታል። ከሁሉ ያጠረው ጥላ እውነተኛውን የሰሜንና ደቡብ መስመር ይሰጣቸዋል፤ ኮምፓስ አያስፈልግም።

በዚያው ሳምንት ሒሳብ ክፍል ውስጥ የጥላው ርዝመት ለእንጨቱ ርዝመት ይካፈላል። ታኅሣሥ 12 ከሆነ 0.63 ይመጣል፤ ከታንጀንት ሠንጠረዥ ሲታይ ፀሐይ ከአናታችን የራቀችው 32 ዲግሪ ከምናምን ነው። በዚያ ዕለት ፀሐይ በ23.4 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ላይ አናት ለአናት ትውላለች። ሲቀነስ 9 ዲግሪ ይቀራል። አዲስ አበባ ያለችው በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በባሕር ዛፍ ጭራሮና በሜትር ከተማው በምድር ላይ የት እንዳለች ለካ ማለት ነው። የጂኦግራፊ መምህሯ ይህንን ቁጥር ለማስጠናት ስንት ዓመት ደክማለች።

ሰዓቱ ለምን ስድስት ላይ አልሆነም የሚለው ደግሞ ለብቻው የሚጣፍጥ ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቆረጠው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል፣ በወርዴር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ግን በ38.7 ዲግሪ ላይ ናት። ልዩነቱ በአራት ሲባዛ 25 ደቂቃ ይመጣል። ይኸው ነው ጥላው የዘገየበት ምክንያት። ጅግጅጋ 42.8 ዲግሪ ላይ፣ ጋምቤላ 34.6 ዲግሪ ላይ ናቸው። በአንድ ቀን ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ጥላ ቢለካ፣ የጋምቤላው ከጅግጅጋው 33 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው የሚያጥረው፤ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ግን አንድ ነው። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶች በስልክ ተደዋውለው ይህን ማነጻጸር ምን ይከለክላቸዋል? የታሪክ መምህሩ እዚህ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1884 የ25 አገሮች ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው የግሪንዊች መስመር የዓለም ኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን እንዴት እንደመረጡ ያስረዳል። ከአፍሪካ በዚያ ስብሰባ ላይ የተገኘችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች። ከጥቅምት እስከ የካቲት ለምን ግማሽ ሰዓት ይለዋወጣል የሚለው ወደ መሬት ዘንግ ማዘንበልና ወደ ምሕዋሯ ሞላላነት ስለሚወስድ ለአሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይቆይ።

አሁን ደግሞ ልጆቹን «ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ» በሏቸው። ሰዓት ሳይኖር በፊት ጾመኛ ሰው የሚፈታበትን ጊዜ የራሱን ጥላ በጫማ እየሰፈረ ያውቅ እንደነበር የሚነግራቸው አያት ይገኛል፤ በብራና መጻሕፍታችንም የጥላን ርዝመት በየወሩ በእግር የሚቆጥሩ ሠንጠረዦች አሉ። አጠገቡ የተቀመጠው ሙስሊም ተማሪ ደግሞ የዐስር ሶላት (የከሰዓት በኋላው ጸሎት) ወቅት ከጥላ ጋር የተያያዘ መሆኑን ከአባቱ ሰምቶ ይመጣል፤ በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ የትምህርት መስመር) የአንድ ነገር ጥላ በቀትር ከነበረው ላይ የዕቃውን ቁመት ያህል ሲጨምር ዐስር ይገባል። ሁለቱ ልጆች ከሁለት ቤት ያመጡትን ይዘው በአንድ እንጨት ዙሪያ ይቆማሉ። ይህን ትምህርት የትኛው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ይሰጣችኋል?

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «አባቶቻችንማ ሁሉን አቀናጅተው ነበር የሚያስተምሩት» ይላል። ቀስ እንበል። የአብነት ትምህርት ቤቱ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት ተብሎ የተለያየ ነው፤ ተማሪው ለአንዱ ጎንደር፣ ለሌላው ጎጃም ወይም ወሎ እየተሻገረ ነው የሚማረው። ከእኛ የሚለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ዳዊቱን፣ ዜማውን፣ ታሪኩን «ይህ የሌላ ቤት ነው» ብሎ ከደጅ መተው አይችልም፤ የያዘውን ሁሉ አውጥቶ ካልተጠቀመ ቅኔው አይሞላለትም። ሥራው ራሱ ያስገድደዋል።

የጥላው ሥራ ምን እንዳስከፈለ አስሉት። ከሒሳብ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከጂኦግራፊ ሁለት፣ ከፊዚክስ አንድ፣ ከታሪክ ግማሽ፣ ከአማርኛ ደግሞ ዘገባ መጻፍ በሚሰጥበት ሳምንት ሁለት። አማርኛ መምህሩ ዘገባ ማስጻፉ አይቀርም፤ ልጆቹ ካልሄዱበት ጉብኝት ይልቅ የሠሩትን ይጻፉለት። ከማንም ላይ ያልታቀደ ክፍለ ጊዜ አልተወሰደም። ለውጡ መምህራኑ ዓመታዊ ዕቅዳቸውን ሲያወጡ ምዕራፎቹን አንድ ሳምንት ላይ ማምጣታቸው ነው። ሥነ ጥበብ አልጠራሁም፤ ስፖርትም አልጠራሁም። የሚያዋጡት ነገር ሲኖር ይጠሩ፤ እንዳይቀሩብን ብለን ጥላ እንዲሣል ካደረግን ወደ ጀበናው ተመለስን።

እዚህ ላይ ሌላ ቅርብ ቅንጅት ልጥቀስ፤ ማንም ቅንጅት ብሎ የማይጠራው ነገር ግን ምናልባት ከሁሉ የሚያስፈልገን። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን የባዮሎጂን መጽሐፍ አንብበው መረዳት ያቅታቸዋል፤ ባዮሎጂው ከብዷቸው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ከብዷቸው። የእንግሊዝኛ መምህሩ በዚያው ሳምንት ጭራሽ ከእነርሱ ኑሮም ከሌላው ትምህርታቸውም ጋር የማይገናኝ ምንባብ ያስነብባቸዋል። በወር አንድ ጊዜ የባዮሎጂው መጽሐፍ ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቢነበብ፣ እንዲህ ያለው ግስ ለምን በተደራጊ እንደተጻፈ፣ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙት ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ቢታይ፣ ሁለቱም መምህራን ይጠቀማሉ። ገንዘብ አይጠይቅም። የሁለት ሰዎች ውይይት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ ወደያዛችሁት ጉዳይ፤ ወደ ፈተናው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተሰጣቸው ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ በተከታዩም ዓመት 3.2 በመቶ ነበር። «በዚህ ሁኔታ ላይ እንጨት ተክለን እንጫወት?» የሚል ወላጅ ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ቁጥሩን በሌላ በኩልም ተመልከቱት። እነዚያ ልጆች የወደቁት አቀናጅተን ስላስተማርናቸው አይደለም። ደወል በደወል፣ ደብተር በደብተር ለያይተን፣ በማስታወሻ እየገለበጥን ነው አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርናቸው።

ይህን ፍርሃት ከእኛ በፊት የፈሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1941 በአሜሪካ የስምንት ዓመት ጥናት የሚባል ተካሂዷል። ሠላሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን በፈለጉት መንገድ፣ ብዙዎቹም የትምህርት ዓይነቶችን እያቀናጁ እንዲሰጡ ነፃ ተደረጉ፤ ከ300 በላይ ኮሌጆች የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ልጆች በተለመደው የመግቢያ መስፈርት ሳይገድቡ ሊቀበሉ ተስማሙ። ኮሌጅ ከገቡ በኋላ 1,475 ተማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በዕድሜ፣ በችሎታና በቤተሰብ ሁኔታ ከሚመስላቸው ከተለመደው ትምህርት ቤት ከመጣ ተማሪ ጋር ተነጻጸሩ። በውጤት ጥቂት በልጠው ተገኙ፤ ነገሮችን በራሳቸው በመመርመርም የተሻሉ ነበሩ። ያ አሜሪካ ነው፣ ያውም ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ በፊት፤ የእኛን ሰባ ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል አይመስልም። ከዚህ ጥናት የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቀናጅቶ መማር ቀጣዩን ትምህርት ያበላሻል የሚለው ስጋት እውነት ሆኖ አለመገኘቱን።

ስለ ፊንላንድ ደግሞ ብዙ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፊንላንድ የትምህርት ዓይነቶችን ልትሰርዝ ነው ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ። አልሰረዘችም። ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርቷ የሚያዘው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ብዙ የትምህርት ዓይነቶችን ያጣመረ ሥራ እንዲሠራ ነው። በዓመት አንድ! ከሰማነው ወሬ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ እኔ ግን እጅግ ደስ ያለኝ ልከኛ መሆኑ ነው። እኛም ዘመቻ አናውጅ፤ መመሪያ፣ ቅጽ፣ ሪፖርት ማድረጊያ ፎርም አናዘጋጅ። ቅጽ በመጣበት ቀን ነገሩ ይሞታል።

ጊዜ ከየት ይምጣ ለምትሉ፣ ጊዜው አለ። እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል። ያን ስልሳ ሰዓት ምን ላይ እንደምናውለው በግልጽ እንነጋገር፤ ማኅደር ለመሙላት፣ ያለፈውን ዓመት ዕቅድ ቀኑን ቀይሮ ለመገልበጥ። ከእርሱ ላይ አሥሩ ሰዓት፣ የተለያየ ትምህርት የሚያስተምሩ አራት መምህራን አንድ ጥያቄ ይዘው የሚቀመጡበት ይሁን። የጂኦግራፊ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት በጉድኝት ማዕከሉ በኩል ከጎረቤቱ ጋር ይቀመጥ። ርዕሰ መምህሩ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሲያወጣ እነዚህ አራት ሰዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ነፃ እንዲሆኑ ማድረግ። ይህን ያደረገ ርዕሰ መምህር ከአሥር ሥልጠና የበለጠ ሠርቷል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች

አንድ መምህር «ሰባ ተማሪ ይዤ እንዴት ግቢ እወጣለሁ? ዲሲፕሊኑስ?» ብለው ጠይቀዋል።

ሰባውን በአንድ እንጨት ዙሪያ ካቆምናቸው ይጋፋሉ፤ ከፊት ያሉት ስድስት ልጆች ይማራሉ፣ የቀሩት ይቦርቃሉ። አሥር እንጨት፣ አሥር ቡድን ይሁን። በእያንዳንዱ ቡድን አንዱ ሰዓት ያያል፣ አንዱ ጠጠር ያስቀምጣል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ሥራ የሌለው እጅ ነው የሚረብሸው። የአሥሩ ቡድን ውጤት እኩል አይመጣም፤ አንዱ 61፣ ሌላው 65 ሳንቲ ሜትር ያመጣል። በፈረቃ የምትማሩ ደግሞ ቀትሩ በሁለቱ ፈረቃ መካከል ስለሚወድቅ፣ የጠዋቱ ፈረቃ የመጨረሻውን፣ የከሰዓቱ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ መጠቀም ይችላል።

አንዲት መምህርት ስለ ማርክ ጠይቀዋል፤ «ሥራው የአራት ሰው ከሆነ የማን ውጤት ነው? ካርድ ላይ የሚሞላው በየትምህርቱ ነው።»

ትክክል ነው፤ ካርዱን የሚለውጥ ሥልጣን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለንም። ስለዚህ ካርዱን አንነካውም። ተከታታይ ምዘና ላይ ሁላችሁም ለቤት ሥራና ለቡድን ሥራ የምትሰጡት ነጥብ አለ። ቡድኑ አንድ ዘገባ ይጽፋል። የሒሳብ መምህሩ ስሌቱን ብቻ ያርምና ከአምስት ይሰጣል፤ የጂኦግራፊዋ ትርጓሜውን አይታ ከአምስት፤ አማርኛ መምህሩ አጻጻፉን አይቶ ከአምስት። በየራሳቸው የውጤት መዝገብ ላይ ይሞሉታል። ልጆቹ ሦስት የቡድን ሥራ ከሚሠሩ አንድ ሠሩ። ለእናንተም ሰባ ተማሪ በአሥር ቡድን ሲሆን የምታርሙት አሥር ወረቀት ነው።